ባለቤት ያጣ ፌስታል

ሰው ጤና እያለው፣ ሁለት አይኑን ከፍቶ፣ የዓሣ አንጀት ሰው ደጅ ላይ ይደፋል? ይደፋል። እኔ ነኝ ምስክሯ። ገንዳው በራችን ላይ በቆመ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወጥቼ ወደ ውስጥ ባይ፣ ከተሰባበረው ብሎኬት ላይ ግማሽ ባልዲ የሚሆን የዓሣ አንጀት ከነዝንቡ ተዘርግቷል። ፀሐይ መትቶት አረፋ ማውጣት ጀምሯል። ቁርሴ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

ገንዳው የእኛ ነው። ማለቴ ተከራይተን ያስመጣነው እኛ ነን። ከሳሎናችን ጎን አንድ መኝታ ክፍል ከነመታጠቢያ ቤቱ እየቀጠልን ስለነበር፣ የሚፈርሰውን ግድግዳና የሚቆፈረውን አፈር የሚያጠራቅም ትልቅ የብረት ገንዳ በር ላይ ማቆም ግድ ሆነ። ሲሞላ መኪና መጥቶ በሰንሰለት አንጠልጥሎ ይወስደዋል። ስራው ይኸው ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? እኔም መስሎኝ ነበር።

ክፍሉ የአባቴ ነው። አባቴ ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ሲኖር ቆይቶ፣ ባለፈው ክረምት ወጥ ቤት ውስጥ ወድቆ ሁለት ቀን ሙሉ ወለሉ ላይ ተኝቶ ተገኘ። ያገኘው የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ነው። እኔ አንድ ልጁ፣ ስልክ አላነሳ ሲለኝ ያኮረፈኝ መስሎኝ እኔም አኩርፌ ተቀምጬ ነበር። ከዚያ በኋላ ለምኜ፣ አልቅሼ፣ ተቆጥቼ ቤቴ አመጣሁት። የመጣው ግን በውል ነው። "እስከ ወሩ መጨረሻ ሳሎናችሁ ውስጥ እተኛለሁ። የራሱ በርና የራሱ መጸዳጃ ያለው ክፍል ካደረሳችሁልኝ እኖራለሁ። ካልሆነ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ" አለ። አባቴ ደግሞ ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው። ወደዚያ ቤት ተመልሶ ቢወድቅ ሁለተኛ ቆጣሪ አንባቢ ላይደርስለት እንደሚችል እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

የመታጠቢያ ቤቱ ቱቦ የሚያልፍበት ቦይ የሚቆፈረው ደግሞ ልክ ገንዳው የቆመበት ቦታ ላይ ነው። ሌላ ቦታ የለም። ገንዳው ካልተነሳ ቦይ የለም፣ ቦይ ከሌለ መጸዳጃ የለም፣ መጸዳጃ ከሌለ ክፍሉ መጋዘን ነው። ቤታችን ያለው አንድ መጸዳጃ ፎቅ ላይ ነው፣ አሥራ ስድስት ደረጃ ወጥቶ። አባቴ በከዘራ ይወጣዋል። ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት ግን አንድም ቀን ቆሜ አላየሁም።

ሹፌሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ የገንዳውን ጠርዝ ረግጦ ወጣና አፍንጫውን በክርኑ ሸፈነ።

"እመቤት፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ፍርስራሽ ነዋ።"

"ፍርስራሽ ትል ያፈላል እንዴ? እኔ የምጭነው ድንጋይ፣ አፈር፣ ብሎኬት ነው። ማራገፊያው በር ላይ ቆመው ይፈትሹኛል። አንድ የቤት ቆሻሻ ካገኙ ሙሉውን ጭነት ይመልሱታል። አጽዱትና ደውሉልኝ።"

መኪናውን አዙሮ ሄደ። ወደ ግንበኛው ዞርኩ። ግንበኛው ያልነውን ሁሉ "ነገ ጠዋት" ስለሚል ስሙ ነገ ጠዋት ሆኖ ቀርቷል። ባሌ ፊት ለፊቱ ሳይቀር እንደዚያ ነው የሚጠራው።

"ችግር የለም እትዬ፣ ነገ ጠዋት አጸዳዋለሁ" አለኝ።

ምን በወጣኝ እስከ ነገ ጠዋት እጠብቃለሁ? የጎማ ቦቲ አደረግሁ፣ ማስክ አጠለቅሁ፣ ጓንት በጓንት ላይ ደረብኩና ገንዳው ውስጥ ገባሁ። እኔ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ሽንትና ሰገራ በብልቃጥ ሲቀርብልኝ ኖሬአለሁ። ባሌ "አንቺማ ለምደሽዋል" አለኝ። ኤዲያ! የላቦራቶሪው ክዳን አለው፣ ቁጥር አለው፣ የማን እንደሆነ ይታወቃል። የገንዳው ግን የማንም ነው። የማንም የሆነ ነገር ደግሞ ከሁሉ በላይ ያስጠላኛል።

ያየሁትን ልናገር? ፀጉር ከነሳሙና አረፋው። የበሰበሰ ሽንኩርት፣ ስትነኩት እጅ ላይ የሚፈርስ። ቡናማ ውሃ የጠጣ ፍራሽ፣ ውስጡ አይጥ የወለደችበት። ሮዝ፣ ፀጉር አልባ፣ አይናቸው ያልተገለጠ ስድስት የአይጥ ግልገሎች ፍራሹን ስጎትተው ቦቲዬ ላይ ዝርግፍ አሉ። ጮህኩ። ግንበኛው ነገ ጠዋት ከጣሪያ ላይ ሆኖ "ምነው እትዬ?" ሲል ወርጄ ግድግዳውን ተደግፌ አስታወክሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ዘዴው የመጣልኝ። ሰው ቆሻሻውን ሲጥል ስሙን አብሮ ይጥላል። የዓሣው አንጀት የተጠቀለለው በድሮ የፈተና ወረቀት ነበር። በሰፈራችን የድሮ የፈተና ወረቀት ያላቸው ደግሞ የመታጠፊያው ቤት ጡረተኛ ርዕሰ መምህርት ብቻ ናቸው። ጠቅልዬ ወስጄ በራቸውን አንኳኳሁ።

"እንደምን አደሩ። ንብረትዎን እኛ ጋ ረስተውት ነው።"

ፊታቸው ደም መሰለ። "አይ ልጄ፣ ገንዳ ነው ብዬ እኮ ነው…" አሉ። እጃቸው ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ። ፍራሹንም በተለጠፈበት የአድራሻ ወረቀት ተመርቼ ባለቤቱ በር ላይ አቆምኩት። ሽንኩርቱ ውስጥ የመብራት ደረሰኝ ነበር፣ የቤት ቁጥር ያለበት። በየጠዋቱ ሥራ ከመሄዴ በፊት ገንዳውን እበረብራለሁ፣ እለያለሁ፣ ለባለቤቱ እመልሳለሁ። አልዋሽም፣ ደስ ይለኝ ነበር። ሰፈሩ ሲያየኝ መንገድ መቀየር ጀመረ። በሳምንቱ ሁሉም እጁን ሰበሰበ።

ከአንዱ በቀር። ጥቁር ፌስታል፣ ሁለት ጊዜ የተቋጠረ፣ ከብሎኬቱ ሥር ገባ ገባ ተደርጎ የተቀበረ። በየጠዋቱ አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት። የመጀመሪያውን ስፈታው የአዋቂ ዳይፐር ነው። ያገለገለ። ከባድ። ሙቀቱ እንኳ ያልወጣለት። ወረቀት የለ፣ ደረሰኝ የለ፣ ምን የለ። ስሙን የደበቀ ሰው ነው።

 ቤት ገብቼ እጄን ሦስት ጊዜ ታጥቤ ቁርስ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩና አፌ ያመጣልኝን ተናገርኩ።

"ሰው አይደለም ይሄ! ድመት እንኳ የራሷን ጉድ ትቀብራለች!"

"ይሄም እኮ ቀብሮታል" አለ ባሌ። ለሱ ሁሉም ነገር ቀልድ ነው።

"አታሹፍ! እንዲህ ሆኖ ከሰው መሃል መኖር አያሳፍርም? እኔ ብሆን በሬን ዘግቼ እሞታታለሁ እንጂ ሰው ደጅ አልጥልም። ቱ! ግም!"

"ቀስ በይ፣ አባባ እንደተኙ ናቸው።"

አባቴ የሚተኛው እዚያው ሳሎን ውስጥ፣ ከመጋረጃ ኋላ ነው። አልተኛም ነበር። በጊዜ ተነስቶ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ሐኪም ያዘዘለትን የእግር መንገድ ሄዶ ተመልሶ ነበር። መጋረጃውን ገልጦ ወጣና ከጎናችን ተቀመጠ። ሽቶ ሽቶ ይሸታል፣ ሰሞኑን አብዝቶት ነበር። "አባዬ፣ ሚስት ልታገባ ነው እንዴ?" ስለው ፈገግ አለ። ዳቦውን ግን አልነካውም። እኔም ዳይፐሩ ላይ ተመለስኩ። በየጠዋቱ እንደዚያ ነበር። ፌስታሉን አወጣለሁ፣ እመጣለሁ፣ እሳደባለሁ። አሥራ አንድ ጠዋት።

ሹፌሩ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ገንዳው ጽድት ያለ መስሎኝ ቆሜ ተቀበልኩት። ወጣ፣ ብሎኬቱን በጫማው ገፋ ገፋ አደረገ፣ ከሥሩ ያላየሁት አንድ ጥቁር ፌስታል ጧ አለ። ሱሪው ላይ ተረጨ። የተናገረውን እዚህ አልደግመውም። በመጨረሻ ግን "አርብ ጠዋት አንድ ጊዜ እመጣለሁ። አርብ እንዲህ ካገኘሁት ሌላ ሰው ፈልጉ" አለ። ረቡዕ ነበር። ወሩ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። ነገ ጠዋት ራሱ "እትዬ፣ አርብ ካልተነሳ ቦዩን አላደርስልሽም" አለኝ፣ "ነገ" ሳይል።

አባቴ ማታ ልብሱን ማጣጠፍ ጀመረ።  ያጣጥፋል፣ ያስቀምጣል።  አባቴን ወደዚያ ወለል የሚመልስብኝ አንድ ነውረኛ ጎረቤት ነው። በቃ፣ ወሰንኩ። በሰፈራችን አልጋ የያዘ በሽተኛ ያለበት ቤት የትኛው ነው? አንድ ነው። ፊት ለፊታችን ያለችው ልብስ ሰፊ። ባሏን ግማሽ ጎኑን ከመታው ሁለት ዓመት አልፎታል። ገብቼ ጠይቄው አላውቅም፣ ከሰላምታ ያለፈ ነገር የለንም። ግን ሌላ ማን ይሆናል?

ሐሙስ ጠዋት ከሰሞኑ ያጠራቀምኳቸውን ሰባት ፌስታሎች ተሸክሜ ተሻገርኩ። ልመልስላት ብቻ አልነበረም ሐሳቤ። ሰው ሁሉ እንዲያይ ነበር። አንድ በአንድ ቀደድኳቸውና በበሯ ብረት ሹሎች ላይ ሰቀልኳቸው። የተነፋ፣ ቢጫ፣ ቡናማ፣ የሚንጠባጠብ። ማስኩን አልፎ ይገባል ጠረኑ። አይኔ እያነባ ሰቀልኩ።

"ባለቤቱ ይውጣ! ያውጣው ይሄን ጉድ! ሰው እንዳይመስላችሁ፣ እንስሳ ነው በመሃላችን ያለው!"

በሮች ተከፈቱ። ርዕሰ መምህርቷ በነጠላ ጫማ ወጡ። ፍራሹን የመለስኩበት ሰውዬ የጥርስ ብሩሹን አፉ ውስጥ እንደያዘ መጣ። ባሌ ከኋላዬ "ኧረ ተይ፣ ኧረ በናትሽ" ይላል። የማን ጆሮ!

ልብስ ሰፊዋ በሯን ከፈተች። ሜትሩ አንገቷ ላይ ነው። በሯ ላይ ያለውን አየች፣ እኔን አየች። አልጮኸችም።

"ይሄ የኔ አይደለም" አለች።

"እና የማን ነው? በሽተኛ ያለው ማን ቤት ነው?"

"የኔ ቤት ነው። ግን ዳይፐር ቆዳውን ስላቆሰለው ትቼዋለሁ። ከጨርቅ እየሰፋሁ ነው የማደርግለት።" በሩን ገፋ አድርጋ ጓሮዋን አሳየችኝ። ገመዱ ላይ ከአንሶላ የተሰፉ፣ ጠርዛቸው የተዘመዘመ፣ ነጫጭ ጨርቆች ተሰጥተዋል። "በእጄ ነው የማጥባቸው። ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር።"

 ሰው ሁሉ እኔን ያያል። "ታዲያ…" አልኩ። "ታዲያ ማን…"

ከኋላዬ የከዘራ ድምፅ ሰማሁ። ዘወር ስል አባቴ ነው። ኮቱን ለብሷል፣ ቁልፉን እስከ ላይ ቆልፏል። መንገዱን ለብቻው እየተሻገረ ነው። ሰዉ መሃል ገባና ልብስ ሰፊዋ ፊት ቆመ።

"ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ" አላት። "የኔ ናቸው።"

መጀመሪያ አልገባኝም። እውነቴን ነው፣ ሊያስታርቀን የዋሸ መሰለኝ። ከዚያ ከዘራውን በሩ ላይ አስደግፎ እጁን ዘረጋና የመጀመሪያውን ከሹሉ ላይ ነቀለ።  ሁለተኛውን ነቀለ። ፈሳሹ በኮቱ እጅጌ ወረደ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት!

"ይተዉት አባቴ፣ እኔ አነሳዋለሁ" አለች ልብስ ሰፊዋ። ባዶ እጇን ነበረች። ሰባቱንም በባዶ እጇ ሰበሰበች፣ አባቴን በክንዱ ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችውና አስታጠበችው። እኔ ጓንት በጓንት ላይ ለብሼ መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ርዕሰ መምህርቷ ራሳቸውን ነቅንቀው ገቡ። አንድም ሰው የሰደበኝ የለም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አባቴ ወደ ቤት ሲመለስ መጋረጃው ኋላ ገብቶ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ተከትዬው ገብቼ እጁን ልይዘው ስል ጓንቴን አየው። ቀድጄ አወለቅሁት።

"ለምን አልነገርከኝም፣ አባዬ?"

"ደረጃው አያደርሰኝም። እስክወጣ ያመልጠኛል። ዳይፐሩን በእግር መንገዴ ራሴ ነው የምገዛው። የቤታችሁን ቅርጫት የምትደፊው አንቺ ነሽ፣ ስለዚህ እዚያ ልጥለው አልቻልኩም። ድንጋይ ውስጥ ከቀበርኩት ማንም አያየውም ብዬ ነው። የድንጋይ ገንዳ እንደሆነ ነበር የማውቀው፣ ተመልሶ ይፈተሻል አላልኩም።"

"ሹፌሩ እምቢ ካለ በኋላስ?"

"ከዚያማ አንቺ መናገር ጀመርሽ።"

 አሥራ አንድ ጠዋት የተናገርኩት ሁሉ በመጋረጃው ውስጥ አልፎ ገብቶ ነበር። እንስሳ። ግም። በሬን ዘግቼ እሞታታለሁ።

"አንተ መሆንህን አላወቅሁም እኮ፣ አባዬ።"

"እሱን አይደለም የምልሽ" አለ። ቁጣ የለውም፣ ድምፁ መሬት ሲለካ እንደሚናገረው ነው። "አውቀሽ ቢሆን ኖሮ አትናገሪውም ነበር። ታስቢው ግን ነበር። ሰው በሆዱ እንዲህ እያሰበብኝ ቤቱ ከምኖር ወጥ ቤቴ ወለል ላይ ብተኛ ይሻለኛል። ነገ አራት ሰዓት ታክሲ ይመጣልኛል።"

ለመንኩት። አለቀስኩ። ባሌም ገብቶ ለመነው። ሻንጣውን ዘጋና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

አርብ ጠዋት ሹፌሩ መጣ። ገንዳው ውስጥ ከድንጋይና ከአፈር በቀር ምንም የለም። አየ፣ አሸተተ፣ ደግሞ አየ። "አሁን ነው ገንዳ የሆነው" ብሎ ሰንሰለቱን አሰረ። ብረቱ ከመሬት ሲላቀቅ ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ከሥሩ የቀረው መሬት ጥቁርና ርጥብ ሆኖ ሲወጣ ነገ ጠዋት ዶማውን ይዞ ዘሎ ገባ። "እትዬ፣ እስከ ማክሰኞ ያልቃል!" እያለ ይጮሃል። ማክሰኞ ለማን? ቦይ ለማን? ወደ ቤት ገባሁ።

አባቴ ሳሎን ውስጥ ኮቱን ለብሶ፣ ሻንጣውን እግሩ ሥር አድርጎ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከትናንት ወዲህ ዳይፐር አላደረገም፣ አልገዛም። የገንዳው መኪና በሩን ዘግቶ ሲጎትት፣ ነገ ጠዋት ሲጮህ፣ ደረጃውን ሊጀምር ተነስቶ ተመልሶ መቀመጡን ከከዘራው አወዳደቅ አወቅሁ። አምልጦት ከወንበሩ ሥር ወለሉ ላይ ወርዷል። ሽንት ብቻ አልነበረም። ሽታው ክፍሉን ሞልቶታል፣ ሽቶውም አልሸፈነውም። ማየቴን አየ።

"ባሌን ልጥራው?" አልኩ።

"አማች አይሆንም።"

"ልብስ ሰፊዋን ልጥራት?"

"ትናንት በቅቷታል።"

ሄጂም ነይም አላለኝም። ሞቅ ያለ ውሃ በሳፋ አመጣሁ፣ ፎጣ አመጣሁ፣ በሩን ዘጋሁ። ጓንት ላምጣ ብዬ አንድ እግር ከተራመድኩ በኋላ ተመለስኩ። ፎጣውን ጭኑ ላይ ጣል አድርጌለት ከሥሩ ተንበረከክሁና ጫማውን ፈታሁ። ካልሲው ረጥቧል። ሱሪውን ከሥር ጎተትኩት። እጄ ውስጥ ገባ፣ በጣቶቼ መሃል ሄደ፣ ሞቃት ነው።  በአፌ ልተነፍስ ሞከርኩ፣ ባሰብኝ። ፊቴን ልሰውረው ጎንበስ አልኩ።

"ቀና በይ" አለ አባቴ።

ቀና አልኩ። ጨርቁን ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ ጨምቄ፣ እግሩን እየጠረግሁ ነበር፤ እሱ ግን የሚያየው ፊቴን ብቻ ነው። ሕይወቱን ሙሉ በሜዳ ላይ ልክ ሲወስድ የኖረ አይን ነው፣ የሚያመልጠው ነገር የለም። አፍንጫዬ ተሸብሽቧል፣ አይኔ እንባ ሞልቷል፣ ከንፈሬን ነክሼአለሁ። ልደብቀው አልቻልኩም።

"አስጠላሽ?" አለኝ።

የለም ልለው አፌን ከፈትኩ። ውሸቱ ምላሴ ላይ ነበር። ያንን ውሸት ይዞ ታክሲ ውስጥ እንደሚገባ ታወቀኝ።

"አዎ አባዬ" አልኩ። "አስጠላኝ። በጣም አስጠላኝ።"

ጨርቁን ሳፋው ውስጥ አለቅልቄ ወደ ሌላው እግሩ ሄድኩ። እጄን አላነሳሁም። ከውጪ መኪና ጥሩንባ ነፋ፣ ታክሲው ነው። አባቴ ወደ መስኮቱ አልዞረም።  ከዚያ እጁን አወረደና ራሴ ላይ ተመረኮዘ፣ የተነሳውን እግሩን እንድጠርግለት።

"እኔንም" አለ። "እኔንም ያስጠላኛል። በይ ሻንጣውን ፍቺና ሌላ ሱሪ አምጪልኝ፣ በረደኝ።"